«እናቴ የቻለችውን እኔ ለምን አልቻልኩም?»

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ገጠር ነው። ከቤታችን ዲግሪ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከወራት በፊት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። ጓደኞቼ ‹ጠንካራ ሁኚ› እያሉ ስለ ጽናትና ስለ ስኬት የሚያወሩ መጻሕፍት ያውሱኛል። አንብቤ ስጨርስ ግን ይብስብኛል። እናቴ ድርቅም፣ ባል መሞትም አይታ አራት ልጆች አሳድጋለች። እኔ አንድ ሥራ አጥቼ ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቅቶኛል። ስለ ጽናት፣ ስለ ገጠር ኑሮ፣ ስለ ታሪክና ስለ ማኅበረሰብ የተጻፉ፣ ግን የማያሳፍሩኝ መጻሕፍት ቢጠቁሙኝ። ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ነው? ደግሞ ጀምሬ የምተዋቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከመጻሕፍቱ በፊት ስለ አልጋው ልበልሽ። ከአልጋ መነሣት ያቃተሽ ከጀመረ ሳምንታት ካለፉ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተበላሹ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ይህ ድክመት አይደለም። መጽሐፍ ጥሩ ጓደኛ ይሆናል፤ ሐኪም ግን አይሆንም። ይህን ካልኩሽ በኋላ ስለ ንባብ በሙሉ ልቤ ላውራሽ።

ያዋሱሽን መጻሕፍት ዓይነት አውቃቸዋለሁ። አንድ ሰው አለ። ይወድቃል፣ ጥርሱን ነክሶ ይነሣል፣ ያሸንፋል። በዙሪያው ማንም የለም። ሲወድቅ ማን ቤት እንዳደረ አይነገርሽም። ማን እንዳበላው አይነገርሽም። በዚያ ዓመት እህል ስንት እንደገባ፣ ሕጉ ለማን ያደላ እንደነበር አይነገርሽም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትከድኚው እጅሽ ላይ የሚቀረው አንድ ማብራሪያ ብቻ ነው፤ «እሱ ጠንካራ ነው፣ እኔ ደካማ ነኝ።» ያሳፈረሽ የገዛ ሕይወትሽ አይደለም፤ ከታሪኩ ላይ የተቆረጠው ክፍል ነው።

ስለዚህ የመረጥኩልሽ ሰውየውንም አገሩንም የሚያሳዩ መጻሕፍትን ነው። የውጭዎቹን ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።

ስለ ጽናት ሲወራ ሁሉም ሰው ከሚጠራው ልጀምር፤ ከቪክቶር ፍራንክል። ምናልባት ጥቅሶቹን በየስልኩ አይተሽ ይሆናል። ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። ናዚዎች በ1942 ከቤተሰቡ ጋር ወሰዱት። ከአውሽዊትዝ ጭምር በተለያዩ ማጎሪያዎች አልፎ በ1945 ነፃ ወጣ። አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን አጥቶ ነበር። በእንግሊዝኛ «Man's Search for Meaning» የሚባለው መጽሐፉ በ1946 ታተመ። ሰዎች ከእሱ ነቅለው የሚጠቅሱት ሰው መከራውን የሚቀበልበትን መንገድ መምረጥ እንደሚችል የሚናገረውን ክፍል ነው። ክፍሉ እውነት አለው። ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የተናገረውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኛ የተረፍነው በዕድልና በአጋጣሚ ነው፣ ከመካከላችን ምርጥ የሆኑት አልተመለሱም ይላል። እስኪ አስቢው። የጽናት አባት የሚባለው ሰው ራሱ መትረፉን የጥንካሬው ውጤት አላደረገውም። ያንን ገጽ ያነበበ ሰው የወደቀን ሰው «ለምን አልበረታህም?» ሊለው አይደፍርም። አንቺም ራስሽን እንዲህ አትበያት።

ሁለተኛው ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርብሽ ይመስለኛል። የዊሊያም ካምኳምባ መጽሐፍ ነው፤ «ነፋስን የገራው ልጅ» ልንለው እንችላለን። ከጋዜጠኛው ብራያን ሚለር ጋር ጽፎት በ2009 ታተመ። ካምኳምባ የማላዊ ገበሬ ልጅ ነው። አገሩን በ2001 እና በ2002 ረሃብ ሲመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ገና መጀመሩ ነበር። አባቱ የትምህርት ቤቱን ክፍያ መክፈል ስላልቻሉ ቤት ዋለ። ዕድሜው 14 ነበር። በቅርብ ወዳለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ይመላለስ ጀመር። እንግሊዝኛው ገና ስለነበር መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል፣ ከዚያ ከሥዕሉ ጋር የተጻፈውን ቃል ይፈልጋል። አንድ ቀን ሽፋኑ ላይ በነፋስ የሚሽከረከሩ ማማዎች ያሉበት የሳይንስ መጽሐፍ አገኘ። ከዚያ ከወዳደቀ ብረት ውስጥ የትራክተር ማራገቢያና አሮጌ ብስክሌት እያሰባሰበ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ እሳት ላይ አለስልሶ እየዘረጋ ክንፍ እያበጀ መሥራት ጀመረ። የሰፈሩ ሰው አብዷል አለ። በመጨረሻ ማማው ላይ ወጥቶ ማሽኑን ሲለቀው፣ እጁ የያዛት ትንሽ አምፖል ብልጭ ድርግም አለችና በራች።

ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር «ብቻውን ሠራው» ይባላል። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ለመብራቱ ወሳኝ የነበረውን የብስክሌት ዲናሞ መግዣ ገንዘብ አልነበረውም። የገዛለት ጓደኛው ጊልበርት ነው። ማማውን ከእሱ ጋር ያቆሙት ጊልበርትና የአጎቱ ልጅ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቷን ደግሞ ሰዎች አስበውባት ከፍተዋታል። በሌላ በኩል ረሃቡ ከሰማይ ብቻ እንዳልወረደም ይነግርሻል። የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ተሽጦ ነበር፤ ድርቁና ጎርፉ ሲመጣ ጎተራው ባዶ ነበር። ይህ ሁሉ የልጁን ብልኃት አያሳንሰውም። እኔ እንዲያውም ከዚህ በኋላ የበለጠ ነው ያከበርኩት። ምን ያህል ነገር በእሱ ላይ እንደነበር፣ ምን ያህል ሰው ደግሞ ከእሱ ጋር እንደነበር ስታዪ ልጁ ሥጋና ደም ይለብሳል።

አሁን ወደ እናትሽ ልመልስሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ ልክ እንደ እነዚያ የስኬት መጻሕፍት ጀግና ብቻቸውን ነው የቆሙት። ድርቅ መጣ፣ ባል ሞተ፣ እሳቸው ቻሉ። በቃ። እውነት እንዲህ ነበር? ስትደውዪላቸው ወይም ስታገኚያቸው «እንዴት ቻልሽው?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። የዚህ ጥያቄ መልስ «እግዚአብሔር ነዋ» ብሎ ያልቃል፤ ለእሳቸው እውነት ነው፣ አንቺን ግን ወደ ዝርዝሩ አያስገባሽም። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «በዚያ ዓመት እህል ማን አበደረሽ? አባዬ ከሞተ በኋላ መሬቱን ማን አረሰልን? በሬው የማን ነበር? እኔን ትምህርት ቤት እንድትልኪ ማን ደገፈሽ፣ ማን ተቃወመሽ? አንቺ ስትታመሚ እኛ የማን ቤት ነበርን?» ስም ይጠሩልሻል። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ምናልባትም ጨርሶ የማትጠብቂው ሰው። የከዳቸውም ሰው ስም ይመጣ ይሆናል። ከአልጋ ያልተነሡበት ቀን ነበር ወይ ብለሽም ጠይቂ። መልሳቸው እንዳያስገርምሽ። መልሱን ደብተር ላይ ጻፊው፤ በድምፅ መቅዳትም ትችያለሽ፣ አስፈቅደሽ። ከዚያ በኋላ ነው ራስሽን ከእሳቸው ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ የሚሆነው፤ እሳቸው ዙሪያ ማን እንደነበረ፣ አንቺ ዙሪያ አሁን ማን እንዳለ አብሮ ይቆጠራላ።

ልብ ወለድ ጊዜ ማጥፋት ነው ወይ ላልሽው ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ አይደለም። ለማስረጃ ሩቅ አልሄድም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቢ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ብቻ ነው። ፍቅሩ ያምራል፣ አያከራክርም። ግን መጽሐፉን እንደገና ክፈቺውና ፍቅሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገሽ ገበሬውን ተከተይ። በፊታውራሪ መሸሻና በባላገሩ መካከል የተነሣውን ጠብ ተመልከቺ። ባላገሩ አበጀ በለውን መሪ አድርጎ እንዴት እንደተነሣ፣ ጌታዬ ሲለው የኖረውን ሰው እንዴት አድርጎ እንቢ እንዳለ ተመልከቺ። ጉዱ ካሳ እብድ የተባለው ምን ስለተናገረ እንደሆነ ልብ በይ። የታሪክ መጽሐፍ ሥርዓቱ እንደዚህ ነበር ብሎ ይነግርሻል። ልብ ወለዱ በዚያ ሥርዓት ውስጥ እራት ያስበላሻል፣ ደጅ ያስጠናሻል፣ ያስቆጣሻል። አንዱ ሌላውን አይተካም። እናም «ገጠር» ሲባል ዝም ብሎ ደግና የዋህ ሕዝብ የሚኖርበት ለምለም ቦታ አድርጎ የሚስል መጽሐፍ ካጋጠመሽ ጠርጥሪው። ገጠር ውስጥ ሥልጣን አለ፣ ምቀኝነት አለ፣ መዋደድ አለ፣ ዕዳ አለ። አድገሽበታል፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አሁን ለዚህ አቅም የለኝም ካልሽ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ፈልገሽ ስሚው። መስማትም ማንበብ ነው። እናትሽም አብረው ሊሰሙት ይችላሉ።

ቀጥሎ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን እንድታነቢ እፈልጋለሁ። ከሁሉም በላይ የምጓጓልሽ ለእነዚህ ነው።

አንደኛው «ክርስቶስ ከኤቦሊ አላለፈም» ሊባል የሚችለው የካርሎ ሌቪ መጽሐፍ ነው። ሌቪ ከቶሪኖ የመጣ፣ ሕክምና የተማረ ሠዓሊ ነው። ፋሺዝምን በመቃወሙ በ1935 ሙሶሊኒ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ሉካኒያ ወደሚባል ደሃ ገጠር አጋዘው። ወባ የሚፈጀው፣ መንግሥት የሚያስታውሰው ግብር ሲሰበስብና ወታደር ሲመለምል ብቻ የሆነ አገር ነው። ሌቪ የከተማ ልጅ ነው፤ ግን ገበሬዎቹን ከላይ ሆኖ አያያቸውም። ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ የታመመ ልጅ ይዘው ሲመጡ ያክማል፤ ባለ ሥልጣኖቹ እንዳያክም እስኪከለክሉት ድረስ። የሚገርምሽ ያ ዘመን የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ዘመን መሆኑ ነው። የመንደሩ ሹሞች ሬዲዮ እያሰሙ ሕዝቡን ለጦርነቱ ሊያነሣሡ ይሞክራሉ። ገበሬዎቹ ግን አይሞቃቸውም አይበርዳቸውም። ለጦርነት የሚሆን ገንዘብ ካለ፣ ወንዙ ላይ የፈረሰውን ድልድይ ለምን አይጠግኑልንም ይላሉ። ሌቪ ነፃ የወጣው ደግሞ በ1936 አዲስ አበባ በተያዘችበት ጊዜ ለግዞተኞች በተደረገ ምሕረት ነው። የእኛ ዋና ከተማ ስትወድቅ እሱ ተፈታ። መጽሐፉ በ1945 ታተመ።

ሁለተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው። ያንኑ ጦርነት ከዚህኛው ወገን የሚያይ ነው። ሐዲስ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው ሽሬ ግንባር ዘምተዋል፤ በኋላም ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደው ደሴት ላይ ዓመታት ታስረዋል። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ጣሊያናዊ በገዛ መንግሥቱ ተግዞ ከገበሬ ጋር ይኖራል፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያው መንግሥት ተማርኮ ወደዚያው አገር ይጋዛል። ሁለቱም ያዩትን ጻፉ። ሁለቱንም የጎዳቸው አንድ አገዛዝ ነው። ሁለቱንም አንብበሽ ስትጨርሺ «ጠላት» የሚለው ነገር አገር ነው ወይስ ሥልጣን የሚለውን ጥያቄ በአዲስ መልክ ማየት ትጀምሪያለሽ። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያገኝም። ታሪክን በአንድ መጽሐፍ አትጨርሺ የምልሽም ለዚህ ነው።

ስለ ታሪክ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የታሪክ መጽሐፍ ስታነቢ ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ቢያደክሙሽ ዝለያቸው። ስለ መሬት የሚያወራውን ምዕራፍ ፈልጊ። ርስት ምን ነበር፣ ጉልት ምን ነበር፣ ገባርና ጭሰኛ በምን ይለያያሉ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ምን ለወጠ፣ ምን ሳይለውጥ ቀረ። አያቶችሽ በየትኛው ሥርዓት ውስጥ እንደነበሩ ስታውቂ፣ ቤት ውስጥ ሲነገር የሰማሽው «ድሮ አያትሽ ከጌቶች ጋር ተካሰው» የሚል ዓይነት ወሬ ሁሉ ቦታ ያገኛል። የቤተሰብሽ ድህነት የስንፍና ውጤት እንዳልነበረም በገዛ ዓይንሽ ታዪዋለሽ።

በደብዳቤሽ ውስጥ በግልጽ ያልጻፍሽው፣ ግን በየመስመሩ የተሰማኝ ነገር ደግሞ አለ። የተማርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስለዚህ መውደቅ የማይፈቀድልሽም አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ይሰማሻል። ለእናትሽ ከሥራ መቀነስሽን የነገርሻቸው አልመሰለኝም። ለዚህ ስሜት የሚሆን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አለ። የፈረንሳይዋ አኒ ኤርኖ በ1983 የጻፈችው «ላ ፕላስ» ነው። ስለ አባቷ ነው። ልጅ ሳሉ እርሻ ላይ ተቀጥረው ሠሩ፣ ከዚያ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ፣ በኋላ ትንሽ ሱቅና ቡና ቤት ከፈቱ። ልጃቸው ተምራ መምህርት ሆነች። ትምህርቱ ከፍ ሲያደርጋት ከአባቷም አራቃት። የሚያወሩት ነገር አለቀ። ኤርኖ ይህን ስትጽፍ ለማስለቀስም ለማስደነቅም አትሞክርም። አባቷ የተናገሩትን፣ የለበሱትን፣ ያፈሩበትን ነገር እንዳለ ታስቀምጠዋለች። በ2022 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። መጽሐፉ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። ካነበብሽው በኋላ ለእናትሽ እውነቱን መንገር ይቀልሽ ይሆናል። ባታነቢውም ንገሪያቸው። ያን ሁሉ ያሳለፉ ሰው ሥራ ማጣትሽን መስማት አያቅታቸውም።

አንድ መጽሐፍ ደግሞ ለጊዜው አቆዪው። የቺኑዋ አቼቤ የ1958 ልብ ወለድ «Things Fall Apart» ነው፣ ኦኮንኮ የሚባለው የናይጄሪያ ገበሬና ተዋጊ ታሪክ። ስለ ገጠር ማኅበረሰብ ከተጻፉት ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ሰዎች መጠቆማቸው አይቀርም። ኦኮንኮ አባቱን እንዳይመስል፣ ደካማ እንዳይባል ሲል ራሱን ድንጋይ ያደረገ ሰው ነው። ለአንቺ ብዙ የሚነግርሽ አለው። ግን ፍጻሜው ከባድ ነው። አሁን ባለሽበት ሁኔታ አልመክርሽም። ቀና ስትዪ ታነቢዋለሽ።

ጀምሮ ስለ መተው፦ ያለ ጸጸት ተዪው። 50 ገጽ ድረስ ካልያዘሽ አስቀምጪው። መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው አምስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ መጀመር ላይ ነው። አንድ ብቻ ያዢ። ስልክሽን ሌላ ክፍል ውስጥ ትተሽ፣ በቀን አሥር ገጽ ብቻ። የውጭዎቹን በአማርኛ ተተርጉመው ካላገኘሽ በእንግሊዝኛ ሞክሪያቸው፤ በተለይ ካምኳምባና ኤርኖ ቋንቋቸው ቀላል ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከካምኳምባ ጀምሪ። ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በንባብም በትረካም። ኤርኖን በመካከል አስገቢያት። ሌቪንና «ትዝታ»ን ትንሽ ጉልበት ስታገኚ አብረሽ ያዣቸው። ፍራንክልን መቼም ቢሆን ማንበብ ይቻላል፣ ግን በጥቅስ አይሁን፣ ሙሉውን ይሁን።

ንባቡ ሥራ ፍለጋውን እንዳይሻማብሽ ጠዋቱን ለማመልከቻ፣ ማታውን ለመጽሐፍ አድርጊው። ያነበብሽውን ለማንም ሪፖርት የማድረግ ግዴታ የለብሽም። ግን ካምኳምባን ስትጨርሺ ሁለት መስመር ብትጽፊልኝ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድሽንም ብትነግሪኝ፣ በጣም ደስ ይለኛል።